በቀትር የተቆጠረችው ጥርጊያ

ከሚዛን ተፈሪ ወደ ቴፒ በሚወስደው አገር፣ ቡናው በቀረሮና በዋንዛ ጥላ ሥር ሰው ሳይተክለው በሚበቅልበት፣ ከታች ኮረሪማ፣ ከላይ የንብ ቀፎ በማይታጣበት ጥቅጥቅ ደን ውስጥ አንድ ጎዳና ነበረ። ጎዳናውን የከፈቱት ዝሆኖች ናቸው። ዝሆን አንዴ የረገጠውን ዱካ ልጁም የልጅ ልጁም ይረግጠዋል። ዝሆኑን ጎሽ ተከተለ፣ ጎሹን ከርከሮ ተከተለ፤ በመጨረሻ ከጋጨብ ወንዝ ተነስቶ አውሬ ሁሉ ጨው ሊልስ እስከሚወርድበት ሆራ ድረስ የደኑ ሕዝብ የሚያውቀው ሰፊ መንገድ ሆነ።

ከጎዳናው በስተግራ ደግሞ አንዲት ቀጭን ጥርጊያ ነበረች። ስፋቷ ሁለት ኤሊ ጎን ለጎን ቢሄድ የሚበቃ ነው። ከጎዳናው የሚለያት መደዳ ድንጋይ ነበር። ድንጋዩ ትልቅ አይደለም፤ ዝሆን ቢፈልግ በአንድ እግሩ ይገፋዋል። ጎሽ በሩጫ ሲመጣ ግን ሰኮናው ድንጋዩን ሲነካ ወደ መንገዱ መሃል ይመለሳል፤ የድንጋዩ ሥራ ይኸው ብቻ ነበር። በዚህች ጥርጊያ ኤሊ ወደ ውሃ ትወርዳለች፣ ጃርት ጎደሬ ፍለጋ ይወጣል፣ ጥርኝ ቀይ የቡና ፍሬ ለቅማ ትመለሳለች፣ ጥንቸል ልጆቿን ታስከትላለች። ዝናቡ ሲበረታና ጉንዳኑ ከጎሬው ሲሰደድ ደግሞ ሰልፉ ቀንና ሌሊት አይቋረጥም።

ጥርጊያዋ እንዲሁ አልተገኘችም። በእኛ አገር ዝናብ ብዙ ነው፤ ጭርሱን የማይዘንብበት ወር ማግኘት ያስቸግራል። አንድ ዓመት ግን ከልኩ አለፈና ጋጨብ ሞልቶ ገነፈለ። ጎሾቹ በእኩለ ሌሊት ደንግጠው በጎዳናው ሸሹ። ሲነጋ መንገዱ ላይ የጥንቸል ልጆች፣ ጀርባዋ የተሰበረ ኤሊ፣ አንድ የሚዳቋ ግልገል ሞተው ተገኙ። እናቶቹ ሬሳውን ወደ ጫካ አላስገቡም። እዚያው ጎዳናው መሃል አጋድመው ከጎኑ ተቀመጡ። ጃርት እሾኩን አቁሞ ከፊት ተቀመጠ። ጎሾቹ ሲመለሱ መንገዱ ተዘግቶ አገኙት።

“እለፉ” አለቻቸው ጥንቸል። “ማታ እንዳለፋችሁት እለፉ።”

የደፈረ ጎሽ አልነበረም። ሦስት ቀን እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ቀን አያ አንበሶ መጥቶ አየ፤ ብዙ ዝም አለና ድንጋይ እንዲደረደር አዘዘ። ድንጋዩን ያመጡት ዝሆኖች ናቸው፤ የደረደሩት ግን ልጆቻቸውን የቀበሩት ናቸው።

ተረት ነው ብሎ የሚያልፈው እንዳይኖር ተረቱን ላቋርጥ። ኔዘርላንድ ዛሬ የብስክሌት አገር ትባላለች፤ ከጥንት ጀምሮ እንዲያ የነበረች የሚመስለው ሰው ብዙ ነው። እ.ኤ.አ. በ1971 ብቻ በዚያች ትንሽ አገር 3,300 ያህል ሰው በመንገድ አደጋ ሞቷል፤ ከ400 በላይ የሚሆኑት ሕፃናት ነበሩ። ወላጆች አደባባይ ወጡ፤ ንቅናቄያቸውንም “የሕፃናት ግድያ ይቁም” አሉት። ልጆቻቸውን ይዘው መንገድ ዘጉ። በ1973 የነዳጅ ችግር ሲመጣ መንግሥት እሑድ እሑድ መኪና እንዳይነዳ ከለከለ፤ ሕዝቡም ባዶውን ጎዳና በእግሩና በብስክሌቱ ሞላው። ዛሬ እንግዳ ሁሉ የሚያደንቀው የብስክሌት መንገድ የመጣው ከዚያ ሐዘንና ከዚያ ግፊት ነው። እንዲህ ያለ መስመር ይነሳ ሲባል ሕዝብ ለምን እንደሚቆጣ ለመረዳት፣ መስመሩ በምን እንደተገዛ መጠየቅ ይገባል።

ወደ ደኑ ልመለስ። ዘመን አለፈ። ያን ሌሊት ያዩት አረጁ፣ ያላዩት ተሾሙ። የመንገድ ሹመት ለአያ ጎሽ ደረሰ። አያ ጎሽ ክፉ አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ክፉ ሹም ያለበት ተረት ለመስማት ስለሚቀል፣ ግን ብዙ ስለማያስተምር ነው። ብርቱ ሠራተኛ ነበር፤ መንጋውን ይወድ ነበር፤ የመንጋው ብሶትም እውነት ነበር። በጥቅምትና በኅዳር ቡናው ሲቀላ ዝንጀሮው፣ ጦጣው፣ የዱር አሳማው ሁሉ ይጎርፋል፤ ጎዳናው መላወሻ ያጣል። አንድ ቀን ምጥ የያዛት ጎሽ ከግፊያው ለመውጣት ስትታገል እዚያው መንገዱ ላይ ወለደች። ጥጃው አልተረፈም። አያ ጎሽ ቆሞ አለቀሰ። ቀና ሲል ዓይኑ ቀጭኗ ጥርጊያ ላይ አረፈ። በዚያች ሰዓት ባዶ ነበረች።

“እኛ እዚህ ተፋፍገን ልጅ ስንቀብር ይህ መሬት ባዶውን ይተኛ?” አለ።

ሐዘን ያናገረው ነው፤ አልፈርድበትም። ግን የዚያችን እናት መንገድ የዘጋው የኤሊ ጥርጊያ አልነበረም፤ እርስ በርሱ የሚገፋፋው የራሷ መንጋ ነበር።

አያ ጎሽ ሥራውን በአግባቡ መሥራት ስለፈለገ ቆጠራ አዘዘ። ቆጣሪ ሆኖ የተላከው ዝንጀሮ ነው። ዝንጀሮ ጤዛው እስኪረግፍ ገደሉ ላይ ፀሐይ ሞቀ፤ ቀትር ሲሆን መጥቶ ሾላው ሥር ተቀመጠ፤ ጥላው ሲረዝም ወደ ገደሉ ተመለሰ። በጨለማ አይወጣም፤ ተፈጥሮው ነው። ሦስት ቀን እንዲህ ቆጠረ። በመጀመሪያው ቀን አንዲት ቆቅ ከነጫጩቶቿ አለፈች። በሁለተኛው ቀን አንድ እስስት። በሦስተኛው ቀን ማንም። “በቀን አንድ ቤተሰብ እንኳ በወጉ አይሄድባትም” ሲል ለአያ ጎሽ አስታወቀ።

ቁጥሩ ውሸት አልነበረም፤ ያየውን ነው የቆጠረው። ነገር ግን ቀትር ላይ ኤሊ ከፀሐይ ሸሽታ ቅጠል ሥር ናት። ጃርት ጉድጓዱ ውስጥ እንቅልፍ ላይ ነው፤ የሚወጣው ሲጨልም ነው። ጥርኝም እንደዚያው። ጥንቸል የምትንቀሳቀሰው ሲነጋጋና ሲመሽ ነው። ጉንዳን የሚሰደደው በዝናብ ነው፤ ቆጠራው የተደረገው ሰማይ በጠራበት ሰሞን ነው።

ሌላም ነገር ነበረ፤ ዝንጀሮው ከሾላው ሥር ስላልተነሳ አላየውም። ጥርጊያዋ ከወንዙ እስከ ሆራው አንድ ወጥ ነበረች የሚባለው በወሬ ብቻ ነበር። ረግረጉ ጋ ስትደርስ ከርከሮ ስለቆፈራት ጭቃ ውስጥ ገብታ ትጠፋለች። ሆራው ሲቃረብ ደግሞ ጨው ልሰው የጠገቡ የጎሽ ወይፈኖች ይተኙባታል። ከቴፒ በኩል የምትመጣ ጥንቸል ረግረጉ ጋ ስትደርስ ልጆቿን ይዛ ጎዳናው ላይ መውጣት አለባት። አንድ ቀን ትወጣለች፤ ሁለት ቀን ትወጣለች፤ በሦስተኛው ቀን ጎሽ ሲሮጥ ልጇ ለጥቂት ትተርፍና ከዚያ ወዲያ ልጆቿን ከጉድጓድ አታስወጣም። እሷም አልተቆጠረችም። ከቤቱ የቀረ በምን ይቆጠራል?

እዚህ ላይ ትንሽ መቆየት እፈልጋለሁ፤ የነገሩ ሥር ያለው እዚህ ነውና። አዲስ አበባ ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ “መንገድ ለሰው” በሚል ጎዳናዎቿን ለተወሰነ ሰዓት ከመኪና ነጻ እያደረገች ሕዝቡን በእግሩና በብስክሌቱ አስወጥታለች። እ.ኤ.አ. ከ2019 እስከ 2028 የሚዘልቅ የሞተር አልባ ትራንስፖርት ስትራቴጂም አላት። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የኮሪደር ልማቱ በደረሰባቸው ጎዳናዎች ከሰፋፊ የእግረኛ መንገዶች ጋር የብስክሌት መስመር ተሠርቷል። መስመሩ ባዶ ሲታይ በታክሲ መስኮት ዳር የተቀመጠ ሰው “ሳይክል ነጂው የታለ?” ይላል። ጠያቂው ክፉ ሰው አይደለም፤ ዓይኑ ያየውን ነው የሚናገረው። ሆኖም መኪና የሚቆምበት፣ ሞተር የሚገባበት፣ አደባባይ ላይ ሲደርስ የሚቋረጥ መስመር ቀን ሙሉ ባዶ ቢውል ምን ይገርማል? ልጄን በሳይክል ትምህርት ቤት ልላከው ብላ የምታስብ እናት የምታየው ደህናውን አንድ ኪሎ ሜትር አይደለም፤ የሚቋረጥበትን ቦታ ነው። በባሕር ዳርና በሐዋሳ ተማሪውም ሠራተኛውም በሳይክል መሄዱ የተለመደ ነው። በአዲስ አበባ ደግሞ ከሚደረገው ጉዞ ግማሽ ያህሉ በእግር ነው፤ በመንገድ አደጋ ከሚሞቱትም የሚበዙት እግረኞች ናቸው። በዝግታ የሚሄደው ሰው በአገራችን ብዙ ነው። ቆጠራው ላይ ነው የሚያንሰው።

ሚዛን ተፈሪ የብስክሌት ከተማ አይደለችም፤ ዳገቱና ዝናቡ ለፔዳል አይመችም። ነገር ግን በገበያ ቀን ከሸዋ ቤንች ሙዝ፣ ጎደሬና ቡና ተሸክመው የሚመጡ እናቶች የሚረግጡት የመንገድ ዳር አለ። በአጠገባቸው አይሱዙ ያልፋል፣ ባጃጅ ያልፋል፣ ሞተር ያልፋል። ጎህ ሳይቀድ ከቤት የወጡ ናቸው፤ ፀሐይ ሲወጣ የሚመጣ ቆጣሪ መኪናውን ያገኛል፣ እነሱን አያገኝም። የኮሪደር ልማቱ ወደ ክልል ከተሞችም ስለወረደ፣ ዳሩ ለማን ይሁን የሚለው ጥያቄ የእኛም ጥያቄ ሆኗል።

በደኑ ውስጥ አዋጅ ተነገረ። ጥርጊያዋ ትነሳለች፣ ድንጋዩ ይለቀማል፣ ጎዳናው ይሰፋል፤ ቃል ያለው ወደ ሾላው ይምጣ ተባለ። ሸንጎው የተጠራው በቀትር ነው። ቢሆንም መጡ። ጃርት እንቅልፉን ትቶ ዓይኑን እያሸ መጣ። ኤሊ እንዳይረፍድባት በዋዜማው ተነስታ መጣች። በብርሃን ታይታ የማታውቀው ጥርኝ እንኳ ወጥታ ከሁሉ ፊት ተቀመጠች። ይህ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ፤ መደበቅ ልማዱ የሆነ ፍጡር ራሱን ለዓይን ሲያጋልጥ ከባድ ነገር ደርሶበት ነው።

መጀመሪያ የተናገረው ጉሬዛ ነው። ጥቁርና ነጭ ካባውን ዘርግቶ ከቅርንጫፉ ሳይወርድ፣ “እኔ በዚህ ደን ስኖር መሬት የረገጥኩበትን ቀን አላስታውስም” አለ። “ከዛፍ ወደ ዛፍ እዘላለሁ፤ የቀረብኝ ነገር የለም። ጥርጊያ ከሌለ መሄድ አይቻልም የሚለው ከየት የመጣ ነው?” ሽማግሌ ስለሆነ በአክብሮት አደመጡት። ከርከሮም ተነስቶ፣ “ጎዳናው ቢሰፋ ለእኔም ቦታ ይተርፈኛል” አለ። እውነቱን ነው፤ ለራሱ ያሰበውን ሳይደብቅ ተናገረ።

እመት ጦጢት ተነሳች። ጦጢት ግማሽ ቀኗን ዛፍ ላይ፣ ግማሹን መሬት ላይ የምታሳልፍ ናትና ሁለቱንም ታውቃለች።

“አያ ዝንጀሮ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ልጠይቅዎ። የቆጠሩት ስንት ሰዓት ላይ ነው?”

“ቀትር ላይ። ሁሉም ነገር ጎልቶ የሚታይበት ሰዓት ነው።”

“ሌሊትስ?”

“ሌሊት አይታየኝም።”

“ጉጉትን ጠየቋት?”

“ቆጣሪው እኔ ነኝ።”

“ከረግረጉ ማዶስ ሄደው አይተዋል?”

“እሱ ጋ ጭቃ ነው፤ አይኬድም።”

“እኛም የማንሄደው ለዚሁ ነው” አለች ጦጢት፤ ተቀመጠች።

ቀጥላ ጥርኝ ተናገረች፤ ድምጿ ይንቀጠቀጥ ነበር። “አያ ጎሽ፣ በዚህ መንገድ ዳር ያለውን ቡና ማን ተከለው? ወፎቹ ናቸው፣ ዝንጀሮም ነው፣ እኔም ነኝ። ቀይ ፍሬ እበላለሁ፤ ፍሬው ከሆዴ ሳይፈጭ ይወጣል፤ ጥርጊያዋ ዳር እጥለዋለሁ፤ ዝናብ ሲመጣ ይበቅላል። በጥቅምት የምትጋፉለት ቡና እኔ በሌሊት የሄድኩበት ነው። ጎዳናው መሃል ብጥለው ሰኮና ይደቁሰዋል።”

ጥርኝ የተናገረችው የእኔ ፈጠራ አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2012 በባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራነት በመዘገበው የሸካ ደን፣ በቤንችም ደኖች፣ የጫካ ቡና አለ። የጫካ ቡና ዘሩን የሚያዘዋውሩለት ወፎች፣ ዝንጀሮዎችና ጥርኝን የመሳሰሉ የሌሊት እንስሳት ናቸው። ገበያ የሚወጣው ቡና ከየት እንደመጣ ስናስብ በጨለማ የሄደውን አናስታውስም።

በመጨረሻ እማማ ኤሊ ተነሳች። መነሳቷ ራሱ ጊዜ ወሰደ፤ ማንም አላቻኮላትም።

“ልጄ፣ እኔ ያን ሌሊት ነበርኩ” አለችው አያ ጎሽን። “አባትህ በጎዳናው ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ፈርቶ ነው እንጂ ጠልቶን አልነበረም። የጥጃውንም ሞት ሰምቼ አዝኛለሁ፤ እግዜር ያጽናችሁ። አሁን የምልህን ስማኝ። ከጋጨብ እስከ ሆራው እኔ አንድ ቀን ከግማሽ እሄዳለሁ። ጥርጊያዋን ብትወስድብኝ መሄዴን አልተውም፤ ውሃ መጠጣት አለብኝ። ታዲያ በየት የምሄድ ይመስልሃል? በአንተ ፊት ነው የምሄደው። ጎዳናህ መሃል፣ አንድ ቀን ከግማሽ።”

አያ ጎሽ አንገቱን ደፍቶ ሰማ። “ሁሉንም ሰምቻለሁ፤ ምክራችሁንም አከብራለሁ” አለ። “ግን እኔ የተሾምኩት ለብዙው ነው።”

“ብዙው ስንት ነው?” አለ ጃርት። “የተቆጠረው እኮ እኔ ተኝቼ ነው።”

መልስ ከመሰጠቱ በፊት ከወንዙ በኩል የተሰበረ የኮረሪማ ሽታ መጣ። ሁሉም አፍንጫውን ወደዚያ አዞረ። ሸንጎው ሳይበተን፣ ቃል ተሰምቶ ሳያልቅ፣ ወይፈኖቹ ድንጋዩን በቀንዳቸው መንቀል ጀምረው ነበር። በሸንጎው ላይ ከተባለው ሁሉ ይልቅ ሕዝቡን ያስቆጣው ይህ ነው። ሐሳቡን ተጠይቆ የተሸነፈ ሰው ያዝናል፤ ውሳኔው ካለቀ በኋላ የተጠየቀ ግን እንደተናቀ ያውቃል።

ጥርጊያዋ በሁለት ሌሊት ጠፋች፤ ጎዳናው ሰፋ። በመጀመሪያው ቀን ጎሾቹ ጎን ለጎን ሮጡ፣ ደስ አላቸው። በሁለተኛው ቀን ኤሊ ወደ ውሃ ወረደች። እንዳለችውም መሃል ለመሃል ሄደች። ጎሾቹ ሊረግጧት አልፈለጉም፤ አብዛኞቹ ልባቸው ደግ ነው። ቆሙ። ከኋላ ያሉት ለምን እንደቆሙ አላወቁምና ገፉ። ማታ ጃርት በመሃል ሲያልፍ እሾኩ ረገፈ፤ ጠዋት ወይፈኖች አነከሱ። ዝናቡ ሲጀምር ጉንዳኑ ተነሳ። ድሮ በጥርጊያዋ ሲያልፍ ለጎዳናው እዳ አልነበረም፤ አሁን ሰልፉ መንገዱን ከዳር እስከ ዳር ያዘው፤ ዝሆን እንኳ ኩምቢዋን አንስታ ዳር ቆመች። ጠዋት ከጋጨብ ተነስተው ረፋድ ላይ ሆራው ይደርሱ የነበሩት ጎሾች ፀሐይ ስታዘቀዝቅ መድረስ ጀመሩ።

ከዚያም የጥንቸል ልጅ ሞተች።

የረገጠቻት አንዲት ጊደር ናት፤ በግርግሩ አላየቻትም። ሲነገራት ተመልሳ መጥታ ከእናቲቱ አጠገብ ቆመች፤ የምትለው ጠፋት። ከዚያ ቀን በኋላ ያቺ ጊደር በጎዳናው ሮጣ አታውቅም። ስለ መንገድ ስንከራከር ነጂውንና እግረኛውን፣ ባለ መኪናውንና ባለ ሳይክሉን ጠላት አድርገን እናቆማቸዋለን። ሁለቱን በአንድ ጠባብ ቦታ ያጋጨውን እጅ ግን አንጠይቅም። ሰው ገጭቶ ሌሊት እንቅልፍ ያጣ ሾፌር በየከተማው አለ። መስመሩ ለእሱም ነበር የተሰመረው።

እናቶቹ እንደ ድሮው መንገዱ ላይ ተቀመጡ። ጊደሯም አብራቸው ተቀመጠች። ሌሊት ሌሊት ደግሞ እያንዳንዱ አንድ ድንጋይ እየገፋ ወደ ድሮው መደዳ ይመልሳል፤ ቀን ወይፈኖቹ ይበትኑታል፤ ሌሊት ይመለሳል። ኤሊ አንዷን ድንጋይ ለመግፋት ሌሊቱ አይበቃትም ነበር፤ ሌላው የጀመረችውን ይጨርስላታል። ከዝንጀሮዎቹ መካከል ሳይቀር ሊያግዝ የመጣ ነበረ። ነገሩ በዚህ ሁኔታ አያ አንበሶ ችሎት ደረሰ።

በሰው አገርም ችሎት ደርሷል። እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2024 በካናዳ የኦንታሪዮ መንግሥት በቶሮንቶ ከተማ ብሉር፣ ያንግና ዩኒቨርሲቲ በሚባሉት ትልልቅ ጎዳናዎች ላይ ያሉ የብስክሌት መስመሮችን የሚያስነሳ ሕግ አወጣ። ምክንያቱ የመኪና መጨናነቅ ነበር። ብሉር ወደ ምሥራቅ ሲዘልቅ ዳንፎርዝ ይባላል፤ የአበሻ ምግብ ቤቶች የተደረደሩበት ስለሆነ ጎዳናውን የሚያውቁ ወገኖቻችን ብዙ ናቸው። ነዋሪዎች ሰልፍ ወጡ፤ ብስክሌተኞች ከሰሱ። ጁላይ 30 ቀን 2025 ፍርድ ቤቱ ሕጉ የሕይወትንና የአካል ደኅንነትን መብት ይጥሳል ሲል ወሰነ። መስመሩ ቢነሳ ሰው ይበልጥ ለሞትና ለጉዳት እንደሚጋለጥ፣ መጨናነቁን ያቃልላል ለሚለው ግን የረባ ማስረጃ እንዳልቀረበ ተናገረ። ዳኛው መንግሥት የብስክሌት መስመር የመሥራት ግዴታ አለበት አላሉም። የተጠየቀው፣ ሰው እንደሚጎዳ እየታወቀ ያለውን ማፍረስ ይቻላል ወይ የሚለው ነበር። መንግሥቱም ይግባኝ እንደሚል አስታወቀ።

አያ አንበሶ አርጅቷል፤ ጎፈሩ ሳስቷል። አያ ጎሽን አስቀርቦ ጠየቀው።

“ድንጋዩ ሳይነሳ ከጋጨብ ተነስታችሁ ሆራው ስትደርሱ ፀሐይ የት ነበረች?”

“ረፋድ ነበር፣ ጌታዬ።”

“አሁንስ?”

አያ ጎሽ ዋሽቶ አያውቅም፤ ያን ቀንም አልዋሸም። “ስታዘቀዝቅ ነው የምንደርሰው።”

“ልጅ እንደሚሞት ታውቅ ነበር?”

“እማማ ኤሊ ነግራኝ ነበር። እኔ ግን ጎዳናው ሲሰፋ ሁሉም ቦታ ያገኛል ብዬ አሰብኩ።”

አያ አንበሶ ድንጋዩ ወደ ቦታው እንዲመለስ ፈረደ። አያ ጎሽም ለደኑ ሽማግሌዎች ይግባኝ እላለሁ አለ። “መብትህ ነው፤ እስከዚያው ግን ድንጋዩ አይነካ” ተባለ። ሽማግሌዎቹ ቡናው ተለቅሞ ሲያልቅ እንሰበሰባለን ብለው ቀጠሮ ሰጡ።

ትንንሾቹ ግን ፍርዱን ይዘው አልተቀመጡም። የድሮዋ ጥርጊያ ብትመለስም ረግረጉ ጋ ስትደርስ ትሰምጣለች፤ ከቴፒ በኩል ያለችው ጥንቸል ያው ከጉድጓዷ አትወጣም። ስለዚህ ወደ እመት ዝሆኒት ሄዱ። ዝሆኒት በሸንጎው ቀን ዳር ቆማ አንድ ቃል ያልተናገረች ናት። ጎዳናውን የከፈቱት አያቶቿ ስለሆኑ በምትናገረው ሁሉ የሚጠቅማት እንዳይመስል ፈርታ ነበር ዝም ያለችው። አሁን የጠየቋትን ሰምታ፣ ምንም ሳትል በዝናብ የወደቀ ትልቅ የቀረሮ ግንድ እየጎተተች ወሰደችና በረግረጉ ላይ አጋደመችው።

አያ ጎሽ ወሬው ደርሶት ከነዝንጀሮው መጣ።

“እመቤቴ፣ ይህን ማን ፈቀደ? ጉዳዩ እኮ ይግባኝ ላይ ነው።”

“ይግባኙ ስለ ድንጋዩ ነው” አለችው ዝሆኒት። “በረግረጉ ላይ የከሰሰም የተከሰሰም የለም።”

አያ ጎሽ ግንዱን ከዚህ ጫፍ እስከዚያ ጫፍ ተመለከተው። ጥንካሬውን በሰኮናው ነካ አድርጎ ፈተነው። ከዚያ ወደ ዝንጀሮው ዞሮ፣ በዚህም ላይ የሚያልፈው እንዲቆጠርና ለሽማግሌዎቹ እንዲቀርብ አዘዘው።

“እሺ” አለ ዝንጀሮ። ጥቂት እንደመሄድ ብሎ ቆመና ወደ ሹሙ ተመለሰ። “ስንት ሰዓት ላይ ልምጣ?”